ሰው ሁሉ የሸጠበት ሰሞን

ሰኞ 4

ዛሬ ነጭ ቅጽ አለቀ።

ይህን ደብተር ሚስቴ ነች የገዛችልኝ። "እኔ ላይ ከምትነጫነጭ እዚህ ላይ ተነጫነጭ" ብላ ሰጠችኝ። እነሆ ጀመርኩ።

በአንድ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ውስጥ የትእዛዝ መቀበያ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ማዕረጉ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን አጭር። ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ ቅጽ እቀበላለሁ፣ ማህተም እመታለሁ። የሚገዛ ደንበኛ ነጭ ቅጽ ይሞላል፣ የሚሸጥ ደግሞ ሮዝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ስለከረመ ሰዉ ነጩን ሙልጭ አድርጎ ጨረሰው። ሮዙ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ነጭ የማዘዙ ሥራ የኔ ነው። ረሳ እንዳልባል፣ አልረሳሁም፤ "ነገ አዛለሁ" እያልኩ ነው የቆየሁት። ይህ ከመርሳት በጣም ይለያል።

መፍትሔውን ለማግኘት ግን ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። "ሮዙን ውሰዱ፤ 'ሽያጭ' የሚለውን ሰርዙና ከላዩ ላይ 'ግዢ' ብላችሁ ጻፉ" አልኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ፣ መስኮት ሁለት ነው የምንላት፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር አያምርም።"

"የተቀጠርነው ለማማር ነው እንዴ?"

በዚህች መልስ ስኮራ ዋልኩ።

ማክሰኞ 5

ዛሬ የሆነውን ካልጻፍኩት ነገ ራሴም አላምነውም።

ጠዋት ሬዲዮው አንድ ትልቅ ኢንሹራንስ ኩባንያ ለደንበኞቹ መክፈል ያለበትን ካሳ ለጊዜው አቆይቷል አለ። ዋጋ ትንሽ ዝቅ አለ። ትንሽ ነው፤ እምላለሁ ትንሽ ነው። እንዲያውም ብዙ ሰው "ረከሰ" ብሎ ሊገዛ መጣና አዳራሹ ጢም አለ። ሁሉም የሚገዛ። ሁሉም በእጁ ሮዝ የያዘ።

የአዳራሻችን ግንባር ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ወደ ውስጥ ያያል። አራት ሰዓት ላይ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴትዮ ገባችና አንዱን ሰውዬ በክርኗ ነካ አደረገችው።

"ምን ተፈጠረ?"

"ምንም። ልገዛ ነው።"

"ታዲያ ይሄ በእጅህ ያለው?"

"ይሄማ የመሸጫ ቅጽ ነው፣ ግን..."

"ግን" የሚለውን ቆማ አልሰማችም። ስልኳን አውጥታ ከነዘንቢሏ እየሮጠች ወጣች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጽፍ ብሞክር አልቻልኩም። ስድስት ሰዓት ላይ በሩ አልዘጋም ብሎ ነበር። በዓይኔ ያየሁትን አንዱን ብቻ ልጻፍ፤ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ፣ 'ሽያጭ' የሚለውን ሰርዞ 'ግዢ' ብሎ የጻፈ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ላብ አጠመቀው፣ 'ግዢ' የሚለውን ሰርዞ በትልቁ 'ሽያጭ' ብሎ ጻፈና ሰጠኝ።

እኔም መታሁለት። ምን ላድርግ?

ረቡዕ 6

እትዬ ደወለች።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታ ጉልበቷ አለቀ። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። አምና የልብስ ስፌት ቤቷን ሸጣ ገንዘቡን ለኔ ሰጠችኝ፤ ከውክልናው ጋር። እኔም የጠርሙስ ፋብሪካ አክሲዮን ገዛሁላት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሲያድግ ተሽጦ ከመናፈሻው ጎን ያለውን ምድር ቤት፣ ሁለት ክፍሏን ቤት፣ ትገዛበታለች። የቤቱ ባለቤት እስከሚቀጥለው ወር ሃያ ድረስ ሊጠብቃት ቃል ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ገዢ አለው።

"ሬዲዮው ይጮኻል፤ የኔ ነገር እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ያንቺ ጠርሙስ ነው፤ ምን ይሆናል?"

"ጠርሙስ ሲወድቅ አይሰበርም እንዴ?"

ሳቅሁ። ከዚያ ገበያ ምን እንደሆነ፣ ትዕግሥት ምን እንደሆነ፣ አላዋቂ ብቻ እንደሚደነግጥ ሰፋ አድርጌ አስረዳኋት። ሰፊ እውቀት አለኝ። ሳልጨርስ "እሺ፣ አንተ ካልክ" አለችኝ።

ሐሙስ 7

ሰዓት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ።

ደንበኞቹ ጨንቋቸው ዘበኛውን ጠየቁት። ዘበኛው አክሲዮን ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ለማወቅም ፈልጎ አያውቅም። "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" አሉት። "እኔ ብሆን? ቤቴ ሄጄ ጋደም እል ነበር" አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወሬው ዞሮ እኔው ጋ መጣ፤ "ከውስጥ የወጣ መረጃ ነው፣ ድርጅቱ ሠራተኛውን ወደ ቤቱ ሊበትን ነው።" ያንሾካሾከልኝ ሰው አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ነው የነገረኝ። ለአንድ አፍታ የስንብት ደብዳቤዬ ደርሶ እንደሆነ ዞር ብዬ ጠረጴዛዬን አየሁ።

አርብ 8

የጥርስ ሐኪሙ መጣ። ይህን ሰው ማስተዋወቅ አለብኝ፤ በአዳራሹ ካሉት ሁሉ የሚፈራው እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አክሲዮን ሊወድቅ ሲል ሸጦ ስለነበር ነቢይ ተባለ። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ስለተሳሳተው ማንም አያነሳም። ሁልጊዜ ሦስተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሲቀመጥ ሰዉ ትንፋሹን ይሰበስባል። ዛሬ አስነጠሰው፤ መሐረብ ፍለጋ ብድግ አለ። ሃያ ሰው አብሮት ብድግ አለ። ተቀመጠ። ተቀመጡ።

መስኮት ሁለት አገጯን ይዛ "ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ የተማሩ ናቸው" አለችኝ።

"የተማረ ሲደነግጥ ማስረጃ እያቀረበ ነው" አልኳት። ተሳካልኝ። ሁለተኛ ጊዜ ለሥራ አስኪያጁም ነገርኩት።

በነገራችን ላይ የራሴን ጥቂት አክሲዮኖች ዛሬ ሸጥኩ። ለጣሪያ ጥገና ነው። ከገበያው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ቅዳሜ 9

ሚስቴ ይህን ደብተር ታነባለች ማለት ነው። ቁርስ ላይ "በላያችን ሦስት ፎቅ ተከምሮ የምትጠግነው የትኛውን ጣሪያ ነው?" አለችኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩ ቢሮ ያድራል።

ሰኞ 11

ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን "ዋናው ነገር መረጋጋት ነው። ደንበኛ የሚያየው ፊታችሁን ነው። ፈገግ በሉ" አለን። እሱ ራሱ ይህን ሲል ሸሚዙን አንድ ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ ነበር።

ፈገግ አልን። አምስት መስኮት፣ አምስት ፈገግታ። ጠዋት ሦስት ሰዓት በሩ ተከፈተ፤ ሰዉ ገባ፣ አየን፣ ደርቆ ቆመ።

"ምን ሆነው ነው የሚስቁት?" አለ አንዱ።

"እነሱማ የራሳቸውን ሸጠዋላ" አለው ሌላው።

እኔ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። ጉንጬ እስካሁን ያመኛል። ለጣሪያ ብሎ የሸጠን ሰው ያን ያህል ዓይን ሊያፈጥበት አይገባም።

ማክሰኞ 12

የበላይ ቦርዱ የድንጋጤው ምክንያት ተጣርቶ በጽሑፍ ይቅረብልን አለ። ጽሑፍ ማለት እኔ ነኝ። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። "የገበያ ሥነ ልቦና"፣ "የመረጃ ክፍተት"፣ "የወቅቱ ሁኔታ" የሚሉትን በተገቢው ቦታ ሁሉ አስገባሁ። "ሮዝ" የሚል ቃል የለበትም። ወረቀት ወረቀት ነው። አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ በወረቀት ቀለም ይደነግጣል ብዬ ብጽፍ የሚያፍረው ሕዝቡ ነው።

አምስት ካርቶን ነጭ ቅጽ ዛሬ ደረሰ። የሚነካው የለም።

ሐሙስ 14

ወረፋው ጥግ ዞሮ የመድኃኒት ቤቱን በር ዘጋ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወጥታ ስትጮህ አይተው "እሷም ልትሸጥ ነው" ብለው ቦታ ለቀቁላት።

መስኮቴ ላይ አንዲት ሽማግሌ እናት ደረሱ፤ ነጠላ ጫማ፣ ትልቅ ቦርሳ።

"እማማ፣ ምንድን ነው የሚሸጡት?"

"ሰዉ የሚሸጠውን።"

"የርስዎ አክሲዮን የምንድን ነው ማለቴ ነው።"

"እኔ ምን አውቃለሁ የኔ ልጅ፤ የፊተኛው ሰውዬ የሸጠውን አድርግልኝ።"

የፊተኛው ሰውዬ የሲሚንቶ ነው የሸጠው። እሳቸው ሲሚንቶ የላቸውም። ያለዎትን ይዘው ወደ ቤትዎ ይሂዱ ብዬ ለመንኳቸው። አይተውኝ፣ አዝነውልኝ፣ "አንተንም ነገሩ ነካህ" ብለው መስኮት ሁለት ጋ ተሰለፉ። ሸጠችላቸው። ምን ታድርግ?

 እንዴት ሰው የገዛ ንብረቱን ስሙን ሳያውቅ ይጥላል? ይህን ለልጅ ልጅ ብነግር ማን ያምነኛል?

እሑድ 17

እትዬ ጋ ሄድኩ። መጋረጃ እየለካች አገኘኋት። የዚህኛውን ቤት አይደለም፤ የምድር ቤቱን። ባለቤቱ ገብታ እንድትለካ ፈቅዶላት በትንሽ ወረቀት የመስኮቶቹን ቁመትና ስፋት ጽፋ ይዛለች። ጨርቁ አረንጓዴ ነው። መርፌውን በአፏ ይዛ ነው የምታወራኝ።

"አንደኛው መስኮት ዛፍ ያያል" አለች። "ተቀምጬ። ሳልወርድ ሳልወጣ።"

ከዚያ ጥቂት ሰፋችና፣ "ጎረቤቴ ልጇ ሸጠላት። ሁሉም እየሸጠ ነው ይላሉ። እንሽጥ እንዴ?"

ተነሳሁ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቤቷ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያልኩ ስለ መንጋ ተናገርኩ። ሰው ብቻውን ሲሆን እንደሚያስብ፣ ሲሰበሰብ ግን የሌላውን ማጅራት ብቻ እያየ እንደሚነዳ። ስለ ሽማግሌዋ እናት ነገርኳት። ስለ ሐኪሙ ማስነጠስ ነገርኳት። መርፌው ከአፏ እስኪወድቅ ሳቀች። "እኔና አንቺ ግን አይተን የምንሄድ ሰዎች ነን" ብዬ ዘጋሁ።

"እሺ፣ አንተ ካልክ" አለች።

ስወርድ ደረጃው ላይ ወንበር አየሁ። ሁለተኛው ፎቅና ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዳንድ ትንንሽ ወንበር አስቀምጣለች፤ እየወጣች የምታርፍባቸው። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በየእሑዱ የምመጣ ሰው ነኝ።

ሰኞ 18

ሥራ አስኪያጁ ሌላ ዘዴ አመጣ። "ሰው ሰውን ነው የሚከተለው። እንግዲያው የሚከተለውን እንስጠው" አለ። ነገ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከቤተሰቡ አንድ አንድ ሰው ያመጣል። ነጭ ቅጽ ይዘው፣ ረጋ ብለው፣ የገዢ ወረፋ ይሠራሉ። ሰዉ አይቶ ይረጋጋል።

በልቤ ጎበዝ አልኩት። ሚስቴን ለመንኳት። "ገንዘብ ሳይኖረኝ ልገዛ ልቁም?" አለች። "መቆም ብቻ ነው፤ እየተዝናናሽ ቁሚ" አልኳት። የበዓል ጫማዋን አደረገች።

ማክሰኞ 19

የሚስቴን ወረፋ ከመስኮቴ ሆኜ አየሁት። ሃያ ስድስት ሰው፣ ሃያ ስድስት ነጭ ወረቀት። አንድ ሰዓት ያህል አምሮ ቆመ። ከዚያ እርስ በርስ መንሾካሾክ ጀመሩ። ከዚያ አንዷ እንባዋን ጠረገች። ከምሳ በፊት የገዢው ወረፋ፣ ሁሉም የሠራተኛ ቤተሰብ፣ አንድም ሊገዛ የመጣ የሌለበት ወረፋ፣ ሮዝ ቅጽ ጠየቀ።

ማታ እቤት።

"ሽጥ" አለችኝ ሚስቴ። ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም።

"አንቺ እኮ የተላክሽው ሰው ልታረጋጊ ነው!"

"ተላክሁ፣ ሄድኩ፣ ቆምኩ። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ስታለቅስ ነው የዋለችው።"

"እሷ እኮ የሥራ አስኪያጁ እህት ናት! እሷም የተላከች ናት!"

"የሥራ አስኪያጁ እህት ካለቀሰችማ የምታውቀው ነገር አለ።"

ክርክሩን ወደ ሌላ አዞርኩት። 

"ደግሞስ ምኑን ነው የምሸጠው? እኛ ምንም የለንም" አልኳት።

"የእትዬ አለ።"

 ሳህኑን አነሳች። ከወጥ ቤት ሆና፣ "እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ያቺ ሴትዮ ያን ደረጃ..." አለችና አልጨረሰችውም። ብትጨርሰው ይሻል ነበር።

ረቡዕ 20

ጠርሙስ ወረደ። ሲሚንቶ ወረደ። ሁሉም። የዋጋ ሰሌዳው ላይ ቀይ ያልሆነ ነገር ሰዓቱ ብቻ ነው።

እትዬ ሁለት ጊዜ ደወለች። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያላነሳሁት።

መስኮት ሁለት፣ "ጋሼ፣ እጅዎ ምን ሆነ?" አለችኝ። ማህተሙን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን አውራ ጣቴ ላይ ነው የመታሁት። አውራ ጣቴ "ተቀባይነት አግኝቷል" ይላል።

ሐሙስ 21

የእትዬ አክሲዮን ተሸጠ።

እንዴት እንደሆነ በትክክል መጻፍ ግዴታዬ ነው። አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ የጥርስ ሐኪሙ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ቅጽ አልነካም፤ ዝም ብሎ ነበር የሚያየው። ዛሬ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሮዝ አነሳ። ብዕር ከኪሱ አወጣ። አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ።

 የአዳራሹን ያን ሁሉ ጫጫታ አልሰማሁም። ሌላ ሰው ሳያየው እኔ አይቼዋለሁ፤ ይህ ለእትዬ የተሰጠ ዕድል ነው ብዬ አሰብኩ። ሰዉ ካየው ግን ወረፋው ይቀድመኛል። መሳቢያዬን ሳብኩ፤ ውክልናው እዚያ ነበር። ለምን ቢሮ እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ከትናንት ጀምሮ እዚያ ነበር። ቅጹ ተሞላ። ማህተሙ ተመታ። ከአራት ደቂቃ በላይ አልፈጀም።

አሻቅቤ ሳይ ሐኪሙ መስኮት ሁለት ጋ ቆሞ ነበር። ያለውን ሁሉ ሸጠ። እሱን ያየ ሁሉ ሸጠ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሌዳው ራሱ ቆመ፤ ምን እንደሚያሳይ ግራ የገባው ይመስል።

አርብ 22

አዳንኩላት። በደንብ ሲታሰብ ያደረግኩት ማዳን ነው። ከዚህም በታች ይወርዳል፤ ሁሉም ይላል። ያኔ በርካሽ መልሼ እገዛላታለሁ፣ ትርፍ ይኖራታል፣ ከመጋረጃው ጋር የሚሄድ ምንጣፍ ትጨምርበታለች። ሲያልቅ እነግራታለሁ። አሁን መንገር ማስደንገጥ ነው፤ ጉልበቷ ላይ ደግሞ ድንጋጤ አይጨመርም።

ሰኞ 25

ኢንሹራንሱ ከፈለ።

እንዲሁ፣ ምንም ሳይል፣ ለሁሉም ከፈለ። "የኮምፒውተር ሥርዓት ቅያሪ ስለነበረ ነው የዘገየነው፣ ይቅርታ" አለ ሬዲዮው። የኮምፒውተር ሥርዓት ቅያሪ! ቁጭ ባልኩበት ክው አልኩ።

አራት ሰዓት ላይ ጠርሙስ ወጣ። ቆይ ይወርዳል አልኩ። አምስት ሰዓት ላይ ወጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ሰዉ ነጭ ቅጽ ፍለጋ በሩን ገፍቶ ገባ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁት። አሁን መግዛት ሞኝነት ነው፤ ሁሉም ሲገዛ የሚገዛ መንጋ ነው። እኔ ደግሞ መንጋ አይደለሁም።

ማክሰኞ 26

ወጣ።

ረቡዕ 27

ጠርሙስ ድሮ ከነበረበት አለፈ። እትዬ የቀራት ገንዘብ የምድር ቤቱን አንድ ክፍል እንኳን አይገዛም፤ ያለ በርም ቢሆን።

ከሰዓት በኋላ የጥርስ ሐኪሙ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። አላስቻለኝም።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐሙስ ዕለት እንደሚወድቅ እንዴት አስቀድመው አወቁ?"

"ማን? እኔ?"

"ሮዝ ቅጽ ላይ ሲጽፉ አየሁዎት እኮ።"

አሰበ፤ ግንባሩን አሸ። "እሱማ ለአንድ በሽተኛ ቀጠሮ ስጽፍለት ነው። ስልክ ደውሎ ክራንቻዬ አላስተኛ አለኝ አለኝ፤ ሌላ ወረቀት አጣሁ፣ ጀርባው ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ።" ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። "ከዚያ ቀና ስል እርስዎ የራስዎን ሮዝ ሞልተው ማህተም ሲመቱ አየሁ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ የተቀመጠ ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲሸጥ ሳይ፣ ያለኝን ሁሉ ጣልኩ። ክሊኒኩን ላሰፋበት ያስቀመጥኩት ነበር። እስቲ ለኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ እርስዎ ከማን ሰሙ?"

ማህተሜን ቦታው ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩ።  ከዚያ በጣም በትሕትና፣ "ዶክተር፣ የሥራ ሚስጥር ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አከበረኝ። ይህ ነው የማይረሳኝ፤ አከበረኝ።

ቅዳሜ 30

እትዬ ደወለች፤ ዛሬ አነሳሁ። "ሬዲዮው ተነሳ ይላል፤ ደስ አይልም?" አለች። "እያየሁት ነው" አልኳት። ውሸት አይደለም፤ እያየሁት ነው። "ጎረቤቴ በሸጠችው ታለቅሳለች፤ ወንድሜ ጎበዝ ነው ብዬ እንዳልኮራባት ብዬ ዝም አልኩ" አለች።

ስልኩን ዘጋሁ። የእትዬን መሸጤን ለሚስቴ ነገርኳት። "እኔ ነኝ ያልኩህ" አለች። "አይ፣ ሐኪሙ ነው" አልኩ። "የሥራ አስኪያጁ እህት ናት" አለች። አንድ ሰዓት ያህል ጥፋተኛ ስናማርጥ ቆየን። መጨረሻ ላይ የሁለታችንም ስም ዝርዝሩ ውስጥ አልቀረም።

ሐሙስ 5

ሥራ አስኪያጁ አመሰገነኝ። "በዚያ ሁሉ ትርምስ ቦታህን ሳትለቅ ማህተም ስትመታ ነበርክ" አለ። የምስጋና ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ጽሑፍ ማለት እኔ ነኝና።

የቤቱ ባለቤት አሥራ አምስት ቀን ቀረው።

እሑድ 8

ሄጄ ነገርኳት።

በሦስት ክፍል የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ። በመጀመሪያው ክፍል የዓለም ገበያ ነበር። መጋረጃው ተሰፍቶ አልቆ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተቀመጥኩ። "እትዬ፣ እንግዲህ ገበያ ማለት..." ስል አቋረጠችኝ።

"ተሸጠ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ስልክ አላነሳም ስትል ነው የገባኝ። ልጅ ሆነህም ብርጭቆ ስትሰብር ትጠፋ ነበር።" መነጽሯን አወለቀች። "ማን ሸጠው?"

"ያን ሳምንት ሰው ሁሉ ሸጠ፣ እትዬ።"

"የኔን ማን ሸጠው ነው የምልህ።"

"ሐኪሙ ሲጽፍ አይቼ፣ ሚስቴም ደግሞ፣ ሰዉ ሁሉ ሲ..."

"ሰው ሁሉ እዚህ ቤት መጥቶ አያውቅም። እኔ ለሰው ሁሉ አልፈረምኩም።"

በግድግዳው ወዲያ ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ሰዓቱን ይናገራል።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እኔ ሸጥኩት። ደንግጬ።"

ጠብቄ ነበር፤ ጩኸት ጠብቄ ነበር። ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ መጋረጃውን አንስታ የቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ተንጠራርታ። ላግዛት ብዬ ተነሳሁ፣ በእጇ መለሰችኝ።

"ለቤቱ ባለቤት አንተ ትነግረዋለህ" አለች። "ሌላ ሰው ልከህ አይደለም። ራስህ፣ ፊት ለፊት።"

"እሺ።"

"የቀረውን ገንዘብ በስሜ ባንክ ታስገባለህ፤ ውክልናውን ይዘህልኝ ትመጣለህ።"

"እሺ። እትዬ፣ እኔ እከፍልሻለሁ፤ ደመወዜን በየወሩ..."

"ትከፍላለህ። እሱን አልተውልህም። እስከዚያ ግን ደረጃውን የምወጣው እኔ ነኝ፤ እሱን ልትከፍለኝ አትችልም።"

ልሄድ ስነሳ ሻርፗን አጠለቀች። "ተይ፣ አትሸኚኝ" አልኳት። ሁሌ እንደምትሸኘኝ እስከ ታች ሸኘችኝ፤ መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ ሌላውን እያስከተለች።  ታች ስንደርስ አንገትጌዬን አስተካከለችልኝ።

"ሂድ በል።"

"ላውጣሽ እስከ ላይ።"

"አትከተለኝ" አለችኝ። ዞረች።

መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። መሸት ብሏል። የዚያ ሕንፃ ደረጃ መብራት በየፎቁ ቁልፍ አለው፤ ስትነካው ይበራል፣ ከደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል። አንደኛው ፎቅ በራ። ጠፋ። ሁለተኛው ለመብራት ቆየ፣ በራ፣ ጠፋ። እዚያ ወንበር አለ። ሦስተኛው ለረጅም ጊዜ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ በራ፤ ጠፋ፤ መልሶ በራ።

አንድ ሰውዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ እኔ የማየውን ለማየት አንገቱን አቀና። ዳቦ የያዙ ባልና ሚስት ጨመሩ። አንድ ብስክሌት የሚገፋ ቆመ። ሦስተኛው ጠፋ።

"ምንድን ነው የምናየው?" አለኝ ሰውዬው በሹክሹክታ።

"እህቴን። ደረጃ እየወጣች ነው።"

ይሄዳሉ ብዬ ነበር። አልሄዱም። ሚስትየዋ ዳቦውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። አምስት ሆነን ወደ ጨለማው መስኮት አንጋጠን ቆምን። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። 

አራተኛው በራ።

"እሰይ!" አለ ባለብስክሌቱ፣ ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቅ። ሌሎቹም "እሰይ" አሉ።